«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ሴት ተመራማሪዎችና ሥራን በአደባባይ የማካፈል ኃላፊነት

ዓለም አቀፉን የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀን ምክንያት በማድረግ በቦንጋ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ይህ ቀን በየዓመቱ በመላው ዓለም ይታሰባል። እንዲህ ባለ ዕለት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የምስጋናና የማበረታቻ ንግግር ነው። እኔ ግን ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጠየቁኝ ከዚህ አዳራሽ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው።

ከዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ መረጃ የሰበሰብሁት በዚሁ በካፋ ዞን፣ በአዲዮ ወረዳ ነበር። ርእሰ ጉዳዬ እንሰት ነው። ከማሳ ማሳ እየተዘዋወርሁ እናቶች እንሰቱን በዓይነቱ በስም እየጠሩ ሲነግሩኝ፣ ለቆጮ የሚሻለውን፣ አሚቾው ተቀቅሎ የሚበላውን፣ ቃጫው የሚጠነክረውን፣ በሽታ የሚችለውን ሲለዩልኝ እየሰማሁ እጽፍ ነበር። ካፊ ኖኖ ስለማልችል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀች አንዲት የቀበሌው ልጅ ትተረጉምልኝ ነበር። ሥራውን ጨርሼ ተመረቅሁ፤ ጽሑፉም ተጠርዞ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በሌላ ጉዳይ ወደዚያው ቀበሌ ስመለስ ያን ጊዜ ብዙ ካስተማሩኝ እናቶች አንዷ አወቁኝ። ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና ሰላምታው እንዳለቀ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያን ሁሉ ጠይቀሽን ሄድሽ። ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። መልሱ በእርግጥ ተጽፏል፤ ነገር ግን የተጻፈው እኒህ እናት በማያነቡት ቋንቋ፣ በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ እኔም ያን ጽሑፍ ወደ ጆርናል አልላክሁትም፤ በጉባኤም አላቀረብሁትም። ስለዚህ እኒህ እናት ብቻ ሳይሆኑ የሙያ ባልደረቦቼም አላነበቡትም። አራት ወር የተደከመበት ዕውቀት ከሦስት ፈታኞች በቀር ማንም ሳያየው አቧራ ለብሷል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ከዚያ ጥያቄ የወጣ ነው። በአጭሩ እንዲህ ልበለው፦ አንድ የምርምር ሥራ የሠራው ሰው ስም ተጽፎበት፣ መረጃውን ለሰጡት ሰዎች ጭምር እስኪነገር ድረስ አላለቀም። ይህ ለማንኛውም ተመራማሪ እውነት ነው። ለሴት ተመራማሪ ግን የሙያ ሕይወቷ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚሁ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ላስረዳ።

በመጀመሪያ አኃዝ ልጥቀስ። የዩኔስኮ መረጃ እንደሚያሳየው በዓለም ካሉት ተመራማሪዎች መካከል ሴቶች አንድ ሦስተኛ ያህል ናቸው። በአገራችን የሴት ተመራማሪዎች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2010 7.6 በመቶ ነበር፤ በ2013 ወደ 13.3 በመቶ ከፍ ብሏል። በሦስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሊቀርብ ምንም ያህል አልቀረውም፤ ይህ የሚናቅ ለውጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ አኃዝ የሚቆጥረው በምርምር ተቋማት ደጃፍ የገቡትን ነው። ከገቡት መካከል ሥራቸው በስማቸው የወጣላቸው ስንቶች እንደ ሆኑ አይነግረንም። በመግባትና በመታወቅ መካከል ያለው ርቀት ነው ዛሬ የሚያሳስበኝ።

ያን ርቀት የሚያሰፉ ሁለት አባባሎች አሉን። አንደኛው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ነው። ዛሬ ይህን በአደባባይ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ አሠራሩ ግን ገና አልተወንም። ሴቷ መረጃውን ትሰበስባለች፣ ሠንጠረዡን ታዘጋጃለች፣ ረቂቁን ትጽፋለች፤ በመድረክ ላይ ቆሞ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ነው። ይህኛው ጨዋነትን ስለሚያስተምር ብዙዎቻችን ወደነዋል፤ ከእናቶቻችንም ከምክር ጋር ተቀብለነዋል። በነገረኛ መካከል ዝምታ በእርግጥ አይነቅዝም። የምርምር ግኝት ግን በዝምታ ሲቀመጥ እንደ እህል ይነቅዛል። መረጃው ያረጃል፤ ዘዴው ይዘነጋል፤ ሌላው ሰው ያንኑ ሥራ ከመነሻው ይጀምራል፤ ያ ዕውቀት ያስፈልገው የነበረው ገበሬም ሳያገኘው የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል።

ይህ ማጋነን እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ከእንሰት ልውሰድ። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን የተገለጸውም ከኢትዮጵያ ነው። ያው ባክቴሪያ የእንሰት ዘመድ የሆነውን ሙዝንም ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታየና በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ተዛመተ፤ ሙዝ ዋና ምግባቸው የሆኑ ቤተሰቦችንም ጓሮ ባዶ አስቀረ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ ከዚህ በሽታ ጋር ለብዙ አሠርት ዓመታት የኖሩ፣ የትኛው የእንሰት ዓይነት ቶሎ እንደሚወድቅ፣ የትኛውም እንደሚያገግም በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ። እንሰቱን የሚፍቁት፣ የሚያቦኩትና ለቤተሰብ የሚያደርሱት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ የዚህ ዕውቀት ትልቁ ድርሻ በእነርሱ እጅ ነው። ስለዚህ በአዲዮ ጓሮ የሚነገረው ነገር እስከ ኡጋንዳ የሚፈለግ ነው። በእኔ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ጽሑፍም ከዚያ ዕውቀት ጥቂቱን የያዘ ነበር።

የዕውቀት ባለቤት ሳይነገር ሲቀር ምን እንደሚሆን ከቡናችን በላይ የሚያስተምረን የለም። ካፋ የአረቢካ ቡና መገኛ ከሆኑት የደቡብ ምዕራብ ደኖች አንዱ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 760,000 ሄክታር የሚጠጋውን የካፋን ምድር የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ብሎ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ጌሻ ተብሎ ከሚጠራው አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያ፣ ከዚያም ወደ ታንዛኒያ ተወሰደ። በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ኋላም ወደ ፓናማ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ በተካሄደ ውድድር ጣዕሙ ዳኞችን አስደነቀና በጨረታ ክብረ ወሰን በሰበረ ዋጋ ተሸጠ። ዘሩን የወሰዱትን፣ ያባዙትንና ያሸነፉበትን ሰዎችና ተቋማት የቡና ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋቸዋል። ዘሩ ከጫካው ሲለቀም የትኛው ዛፍ መልካም እንደ ሆነ ያሳየው ሰው ስም ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አይነገርም። የቦታው ስም እንኳ በየገበያው ፊደሉ ተዛብቶ ይጠራል። ስም ካልተጻፈ ታሪኩ ስሙን ከጻፈው ሰው ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ ሥራቸውን በአደባባይ ወዳኖሩ ሴቶች ልለፍ። ስለ ቦንጋ ደን የዕፅዋት ስብጥር የሚያጠና ተማሪ ቶሎ ከሚያገኛቸው ሥራዎች አንዱ የጀርመናዊቷ የክርስቲነ ሽሚት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ በቦንጋ አካባቢ ያለውን የጫካ ቡና፣ የዕፅዋቱን ብዝኃነትና የአጠባበቁን መንገድ ይመረምራል። እርሳቸውና ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ፈየራ ሰንበታን ጨምሮ ባልደረቦቻቸው በ2010 ያሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ ልናስብበት የሚገባ ነገር አሳይቷል፦ ጫካው ለቡና ሲመነጠርና ሲጠበቅ የዕፅዋቱ ዝርያ በቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ የሚጨምሩት ግን በአብዛኛው የተመነጠረ ቦታ የሚወዱት ናቸው፤ የጥንቱ ደን የራሱ ዛፎች ይቀንሳሉ። ዝርያ መቁጠር ብቻውን የደኑን ጤና አይነግርም ማለት ነው። ይህን ስጠቅስ የውጭ አገር ሰው ለምን ቀደመን ለማለት አይደለም። ሥራው ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ ስለ ተቀመጠ እኛ ዛሬ ልንጠቀምበት፣ ልንሞግተውም ቻልን። የእኛም ሥራ እንዲሁ ቢቀመጥ ኖሮ ውይይቱ የሁለት ወገን ይሆን ነበር።

ከእኛው ወገን ግን መንገዱን የጠረጉ አሉ። ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ እ.ኤ.አ. በ1957 በጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ተወለዱ። ከትውልድ አካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዓለማያ ተምረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በሞንታና የሁለተኛ፣ በካንሳስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በዕፅዋት በሽታና በሞለኪውላዊ ሥነ ሕይወት አገኙ። ከዚያም በኮሎምቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ማዕከል አሥራ አምስት ዓመት ሠሩ። ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ብራኪያሪያ የተባለው የግጦሽ ሣር ነው፤ በሣሩ ውስጥ ተጎዳኝተው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩ በሽታን እንዲቋቋምና ከአስቸጋሪ አየር ጋር እንዲስማማ እንዴት እንደሚረዱት መረመሩ።

ስለ ብራኪያሪያ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ። ሣሩ መገኛው አፍሪካ ነው። ወደ ላቲን አሜሪካ ተወስዶ፣ ተሻሽሎ፣ የብዙ ሚሊዮን ከብት መኖ ሆነ። ዶ/ር ሰገነት እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው በናይሮቢ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ የሚገኘውን የሥነ ሕይወት ሳይንስ ማዕከል መሩ፤ ያ ሣር ወደ ተፈጠረበት አህጉር ገበሬዎች እንዲመለስም ሠሩ። ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምህዳር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ሎሪያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ስለ ሽልማቱ አይደለም። ከቡናችን በተለየ፣ የብራኪያሪያው ጉዞ ሲመለስ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ስም ከነሥራዋ ተጽፎበት ተመልሷል። ይህ የሆነው ባለቤቲቱ ግኝታቸውን በየጆርናሉ ስላሳተሙ፣ በየመድረኩም ቆመው ስለ ተናገሩ ነው።

ሁለተኛዋ ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኮንን ናቸው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህርትና ተመራማሪ፣ በዩኒቨርሲቲውም ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት። ሽፈራውን የመሳሰሉ ዕፅዋትን የመድኃኒትነት ባሕርይ አጥንተዋል። እኔን በተማሪነቴ የሳበኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ በእርሻ ልማቶች ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሠራተኞች ስለ ኬሚካሉ ምን እንደሚያውቁና እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚመረምር ነው። ጥያቄው የተነሣው ከሠራተኛው ጤና ነው፤ መልሱም ለሠራተኛው የሚጠቅም ነው። አንዲት ወጣት ተመራማሪ «ምን ላጥና?» ብላ ስትጠይቀኝ ይህን ጽሑፍ እንድታነብ የምሰጣት ስለዚህ ነው። መልሱ ለማን እንደሚነገር ከመነሻው የታወቀ ጥያቄ፣ ሲያልቅም ዝም ተብሎ አይቀመጥም።

እንግዲህ መንገዱ ካለ የሚያሰናክለን ምንድን ነው? ሦስት ነገር ላንሣ።

የመጀመሪያው ስማችን ነው። በእኛ ባህል ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ይህ በሙያ ሕይወት ትልቅ ጥቅም ነው። ዓለም አቀፉ የዋቢ አጻጻፍ ግን የመጨረሻውን ስም ያስቀድምና የመጀመሪያውን ወደ አንድ ፊደል ያሳጥረዋል። በእኛ ዘንድ የመጨረሻው ስም የአባት ስም ነው። ስለዚህ ሰገነት የሚለው ስም ይጠፋና «ቀለሙ፣ ሰ.» የሚለው ይቀራል። ወንዱም ሴቷም በዚህ አጻጻፍ የራሳቸውን ስም ያጣሉ፤ በሴቷ ግን ተጨማሪ ነገር ይሸፈናል። ከአባቷ ስም ኋላ አንድ ፊደል ሆና ስለምትቀር፣ ያን ሥራ የሠራችው ሴት መሆኗን አንባቢ አያውቅም፤ ተማሪዎቿም በዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሴት ያለች አይመስላቸውም። በዚህ ላይ ስማችንን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ መልክ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ ስለምንጽፍ የአንዲት ሴት ሥራ የሁለትና የሦስት ሰው መስሎ ይበተናል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከማሳተማችሁ በፊት የስማችሁን አጻጻፍ ወስኑና እስከ መጨረሻው አትለውጡት። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሐዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያለ ክፍያ አውጡ። በአገራችን የሚታተሙ አንዳንድ ጆርናሎች የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይቆርጡ፣ የራስን ስም አስቀድመው እንደሚጽፉም አትርሱ፤ ይህን ልማድ ልንጠብቀው ይገባል።

ሁለተኛው የደራሲነት ጉዳይ ነው። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዋ ማርጋሬት ሮሲተር እ.ኤ.አ. በ1993 የሴት ሳይንቲስቶች ሥራ ለወንድ ባልደረቦቻቸው የሚቆጠርበትን ልማድ «የማቲልዳ ውጤት» ብላ ሰየመችው። ልማዱ የአንድ አገር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በእኔም ላይ ደርሷል። የትና በማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ እኔ የሰበሰብሁትና የተነተንሁት መረጃ በአንድ ስብሰባ ላይ በሌላ ሰው አፍ ሲቀርብ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ሲያበቃ አጨበጨብሁ። «ዝም አይነቅዝም» ያኔ ነው የጎዳኝ።

ነገር ግን ይህን ብቻ ተናግሬ ብወርድ እውነቱን ግማሽ አድርጌ መሄዴ ነው። እኔም ያንኑ በሌላ ሴት ላይ አድርጌዋለሁ። በአዲዮ የተረጎመችልኝ ያቺ ልጅ ቃል ብቻ አልነበረም የምትመልሰው። የትኛው ጥያቄ እናቶችን እንደሚያሳፍር ነገረችኝ፤ አንድ መጠይቅ በሙሉ እንድለውጥ አደረገችኝ፤ ሁለት የእንሰት ስሞች ስሰማ ተመሳስለውብኝ ልዩነታቸውን አስረዳችኝ። በጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ የጻፍሁት ግን «የአካባቢው ረዳት» የሚሉ ሁለት ቃላት ነው። ስሟን አልጻፍሁም። በእኔ ላይ ሲደርስ በደል ያልሁትን እኔ ስፈጽመው ልማድ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ደራሲነት በሥልጣንና በይሉኝታ መወሰኑ ቀርቶ ሥራ ሲጀመር በጽሑፍ ይወሰን እላለሁ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናሎች አዘጋጆች ኮሚቴ ለደራሲነት አራት መመዘኛ አስቀምጧል፤ በሥራው አሳብ ወይም መረጃ ላይ ጉልህ አስተዋፅኦ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራውም ተጠያቂ መሆን። ብዙ ጆርናሎች ደግሞ ዛሬ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በ14 የሥራ ዓይነቶች ከፍሎ የሚያስመዘግብ አሠራር ይከተላሉ። መረጃ የሰበሰበ፣ የተነተነ፣ ገንዘብ ያፈላለገ፣ ሁሉም በየድርሻው ይጻፋል። ደራሲ ለመሆን የማይበቃ ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በስሙ ይመስገን።

ሦስተኛው የአደባባዩ ክብደት ነው። ሴት በመድረክ ስትቆም ከአሳቧ በፊት አለባበሷና ድምፅዋ ይመዘናል። መስክ ስትወጣ «ብቻዋን ጫካ ምን ታደርጋለች?» ትባላለች። ልጅ ስታጠባ ጉባኤው ያልፋታል። ይህን የማነሣው ለማዘን አይደለም፤ ወጪ ስለሆነ ነው። መሥሪያ ቤት ለመኪናና ለነዳጅ በጀት እንደሚይዝ ሁሉ ለዚህም ሊይዝ ይገባዋል። ሁለት ሴቶች አብረው መስክ እንዲወጡ ማድረግ፣ ለምታጠባ ተመራማሪ ሞግዚት ይዛ እንድትጓዝ መፍቀድ፣ ስብሰባን ከምሽት ወደ ቀን ማዛወር ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወደ አደባባይ እንውጣ ስል የትኛው አደባባይ ማለቴ ነው? ሦስት ናቸው። አንደኛው የባለሙያዎች አደባባይ ነው፤ ጆርናልና ጉባኤ። ያለዚህ ግኝታችን አይፈተንም፤ ያልተፈተነም ነገር ለሕዝብ ሊነገር አይገባም። ገንዘብ ተቀብለው ሳይመረምሩ ከሚያትሙ ጆርናሎች ተጠንቀቁ፤ ቀስ ብሎ የሚመረምር የአገር ውስጥ ጆርናል በሳምንት ከሚቀበል የውጭ ጆርናል ይሻላል። ሁለተኛው የአገር አደባባይ ነው፤ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚጻፍ ጽሑፍ፣ ሬዲዮ፣ የትምህርት ቤት ንግግር። እዚህ ላይ የሳይንስ ቃል በቋንቋችን ይበለጽጋል። ሦስተኛው መረጃው የተሰበሰበበት ቀበሌ ነው። በካፋ ይህ ማለት በካፊ ኖኖ፣ በቡና ዙሪያ፣ እናቶች ባሉበት መናገር ማለት ነው።

ይህ ሦስተኛው በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚደረግ አይምሰላችሁ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትን ማግኘትን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትንና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከት ነው። ስለ ዘርና ስለ ዕፅዋት ማኅበረሰቡ ያለው ዕውቀት ባለቤት እንዳለው፣ ከጥቅሙም ሊካፈል እንደሚገባው ሕጋችን ያውቃል። «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» ብለው የጠየቁኝ እናት ሕጉን አላነበቡ ይሆናል፤ የጠየቁት ግን የሕጉን መንፈስ ነው።

ንግግሬን ከመደምደሜ በፊት ለሦስት ወገኖች አንዳንድ ነገር ልለምን።

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፣ በተለይም እኅቶቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ የሙያችሁ የመጀመሪያ ሰነድ እንጂ የትምህርታችሁ የመጨረሻ ወረቀት አይደለም። በተመረቃችሁ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ምዕራፉን ወደ ጆርናል ላኩ፤ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፉ፤ ወደ መስካችሁም አንድ ቀን ተመለሱ። ሥራችሁን ራሳችሁ አቅርቡ፤ ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም አቅርቡ።

እናንተ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ለተመራቂ የማስረከቢያ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ውጤቱ ለማኅበረሰቡ የት፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ ተነገረ?» የጉዞ በጀት ሲሠራም የመሄጃው ብቻ ሳይሆን የመመለሻው ቀን ይያዝ።

እናንተ ወንድሞቼ፣ የተጋበዛችሁበት መድረክ የሴት ባልደረባችሁ ሥራ የሚቀርብበት ከሆነ ወንበሩን ልቀቁላት። ይህ ችሮታ አይደለም፤ የተሠራን ሥራ ለሠራው ሰው መመለስ ነው።

አሁን ወደ እኒያ እናት ልመለስ። ጥያቄያቸው ዕረፍት ነስቶኝ በሚቀጥለው የበጋ ወራት ጽሑፌን ይዤ ሄድሁ። ያቺ የተረጎመችልኝ ልጅ አሁን የልማት ሠራተኛ ሆናለች፤ እርሷው ተረጎመች። የእንሰት ዓይነቶችን ሠንጠረዥ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስም በስም አነበብሁላቸው። እናቶች ሰምተው ሰምተው ሳቁ። ለካ ሁለት ዓይነት ብዬ የመዘገብሁት አንድ ዓይነት ኖሯል፤ ስሙ የተለያየው ችግኝ ሳለና ሲደርስ የሚጠራበት ስለሚለያይ ነው። ሦስት ፈታኞች ያላዩትን ስሕተት እናቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ አረሙት። ሠንጠረዡን አስተካክዬ ጽሑፉን ወደ ጆርናል የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው። የተርጓሚዬ ስም ከእኔ ቀጥሎ ተጽፏል።

ሥራን በአደባባይ ማካፈል ውለታ መመለስ ብቻ መስሎኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን የምርምሩ አንድ ክፍል፣ ምናልባትም ከፈተናዎቹ ሁሉ የሚከብደው፣ እንደ ሆነ ተማርሁ። እናንተም ወደ መስካችሁ ስትመለሱ የሚያርማችሁ ሰው ይግጠማችሁ።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላብቃ።